ጋሽ ወርቅነህ የዘለሉት ምዕራፍ

የጋሽ ወርቅነህን ሞት የነገረኝ ከመናኸሪያ የጫነኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። «ያ የዓሣው መምህር አረፉ እኮ» አለኝ፣ መንገዱን እያየ። ከእሳቸው ጋር በአንድ ክፍል ስምንት ዓመት መሥራቴን አያውቅም፤ ወሬ ለማስጀመር ያህል ነው የነገረኝ። «የትኛው መምህር?» አልኩት፣ እንደማላውቅ ሆኜ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አይገባኝም። ወይም ይገባኛል።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ስለ ደግነታቸው ያወራል። እኛ አገር ሞቶ ደግ ያልሆነ ሰው የለም፤ እሳቸው ግን በቁማቸውም ደግ ነበሩ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ «አባባ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ አንድ መጽሐፍ እንኳ እንዳናስገባ ከለከለን» አለችኝ። «ዓይኑ ደክሞ ይሆን እንዴ?» ዓይናቸው ደህና ነበር። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ግን የሰው አባት በተቀበረ ማግስት የሚነገር ነገር አይደለም። እዚህ ልንገረው።

ጋሽ ወርቅነህ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ከወሎ ተመድበው ሐዋሳ መጡ፤ «ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ሐይቁ አስቀረኝ» ይሉ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ዓመት ሲቀራቸው የጠመኔው ብናኝ ደረታቸውን አሳመማቸውና እኔ ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ተዛወሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ከጀመሩ አንድ ነገር እያወጡ እያወረዱ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አይናገሯቸውም። የሚያነቡት ነገር መራራ ሲሆንባቸው ደግሞ ጣታቸውን በገጹ መሃል አድርገው መጽሐፉን ይዘጉና በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ጣታቸው ካልወጣ ተመልሰው ይገባሉ፤ ከወጣ የዚያ ቀን ንባብ አለቀ።

በየጥቂት ወሩ ከውጭ አገር በእርዳታ የሚመጣ መጽሐፍ በካርቶን ይደርሰን ነበር። አብዛኛው ማንም የማያነሣው ነው። አንዳንዴ ግን አዳዲስ መጻሕፍት ይገኙበታል፤ ስለ አራዊት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ረሃብ፣ ከተማ ሲሰፋ ስለሚፈናቀል ሰው። ጋሽ ወርቅነህ ካርቶኑ ሲከፈት እንደ ልጅ ተንበርክከው ነበር የሚያወጧቸው። ልብ ወለዱን ወደ እኔ ይገፉና እውነተኛ ታሪክ የሆነውን ለራሳቸው ያስቀራሉ። «ሳልቀምስ አላበላም» ይላሉ። አዲስ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚወጣው እሳቸው ዳር እስከ ዳር አንብበው፣ ከዚያም በአማርኛ ለአንድ ሰው በቃል ከተረኩት በኋላ ነው። «ለሰው ያልተነገረ መጽሐፍ ገና ካርቶን ውስጥ ነው» የምትል ነገር ነበረቻቸው። ያ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ ስላልነበረ የመዝገብ ካርድ ልሠራላቸው ስል እኔም ቀድሜ አነባቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን እንዳልሰማ ሰው አድርገው ነው የሚተርኩልኝ።

አንድ ቀን ሌዳሞ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ዝናብ ሸሽቶ በራችን ላይ ቆመ። ግባ ሲሉት እጄ ይሸታል ብሎ አልገባም። ጠረጴዛው ላይ ሽፋኑ ጉማሬ የሆነ መጽሐፍ ነበርና ከበሩ ሆኖ አንገቱን አሰገገ።

«ምን ይላል ስለ እሷ?» አለ።

«ጉማሬ ዋናተኛ አይደለችም ይላል» አሉት ጋሽ ወርቅነህ። «ከሥር መሬቱን እየረገጠች ነው የምትሄደው ይላል።»

ሌዳሞ ትንሽ አሰበ። «የጻፈው ሰው ሐይቅ ዳር ያደገ ነው» አለ። «እኛም የምናውቀው እንደዚያ ነው። ሌላስ ምን አለ?»

ዝናቡ ካባራ በኋላም አልሄደም። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ጋሽ ወርቅነህ «እናንተ እዚህ በር ላይ ከምትቆሙ እኔ እመጣለሁ» አሏቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር። የተገለበጠች ጀልባ ላይ ይቀመጣሉ። አጥማጆቹ መረባቸውን እየጠገኑ፣ ሚስቶቻቸው ዓሣ እየገፈፉ ይሰማሉ። እሳቸው ከእንግሊዝኛው በቀጥታ ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፤ ሌዳሞ ደግሞ አማርኛ ለማይሆንላቸው ሽማግሌዎች ወደ ሲዳምኛ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ አንገታቸውን ቀብረው ዙሪያውን ስለሚቆሙ ሌዳሞ «የጋሼ ተማሪዎች» ይላቸው ነበር።

መጀመሪያ ላይ የሚነበበው ስለ ሁሉም ነገር ነበር። ከእነዚያ አንዱ መጽሐፍ ከተማ ሲሰፋ ከመሬታቸው ስለሚነሡ ገበሬዎች የሚናገር ነው። ሌዳሞ ያን ቀን መተርጎሙን አቆመና ስለ ራሱ ተናገረ። ከከተማው ዳር ቱላ የነበረችው ማሳው ለቤት መሥሪያ ተወስዳ ነው ወደ ሐይቁ የወረደው። ሌሎቹም ተራ በተራ አወሩ። ጊዜው ምርጫ አልፎ ሦስት ሆኖ መቆም የሚያስጠይቅበት ነበር፤ በሳምንቱ ጋሽ ወርቅነህ ቀበሌ ተጠሩ። «ሕዝብ እየሰበሰቡ የሚያነቡት ምንድን ነው?» ተባሉ። በግምገማው ላይ ስማቸው ተነሣ። የጠራቸው ኃላፊ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ ሊረዳቸው ብሎ «ስለ እንስሳ ያንብቡላቸው ጋሼ፤ እንስሳ ማንንም አይነካም» አላቸው።

ሲመለሱ «ጽጌ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአራዊት አንባቢ ሆኛለሁ» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። መነጽራቸውን አወለቁና ሳይወለውሉት መልሰው አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የቀበሌ ሰው ደብተር ይዞ ከኋላ ይቀመጥ ጀመር።

የዓሣው መጽሐፍ የመጣው በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አዲስ ነበር፤ ገጾቹ ገና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ስለሚኖርባቸው ሐይቆች የሚናገር ነው። አሥር ምዕራፎቹ ስለ ዓሣው ናቸው፤ እንዴት እንደሚራባ፣ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ጫጩቱ ሲታፈስ ሐይቅ እንዴት ባዶ እንደሚቀር። አሥራ አንደኛው ስለ ሰዎቹ ነው። ሁለት ሐይቆችን ያነጻጽራል። በሁለቱም ዳር ያሉ አጥማጆች ዓሣው በሚራባበት ወራት ላለማጥመድ ተስማምተዋል። በአንደኛው ሐይቅ ሰዎቹ «ልጆቻችን በእነዚህ ወራት ምን ይብሉ?» ብለው አለቆቻቸውን ጠየቁ፤ እህል ተሰፈረላቸው፤ ሐይቁም ሰዎቹም ተረፉ። በሌላኛው የጠየቀም የሰጠም አልነበረም። ሰዎቹ ሲርባቸው ማንም ወደማያያቸው ክፉ ክፉ ቦታ ተደብቀው እየወጡ አለቁ።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ወርቅነህ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጉ።

«አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንስሳ የለበትም።»

«የለበትም።»

«ይጠይቁ፣ ይሰጣቸው ነው የሚለው። ያ ሰውዬ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል። ጥያቄውን እኔ ያስነሣሁት ነው የሚመስለው።» መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው። «ዋናው ዓሣው ይትረፍ አይደል? ስለ ዓሣው ብነግራቸው በቂ አይሆንም?»

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ጋሼ» አልኳቸው። «ይለፉት።»

ቶሎ ነው ያልኩት። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ባሌ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው ግምገማ የእኔ ስም አብሮ እንዲነሣ አልፈለግሁም። እሳቸው አንድ ሰው እንዲከለክላቸው ይሁን እንዲፈቅድላቸው እየለመኑ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር ወረድኩ። እንደዚያን ቀን ያማረ ንባብ ሰምቼ አላውቅም። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ሰብስባ እንደምታቅፍ፣ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ ምግብ ሳትቀምስ እንደምትከርም፣ አደጋ ስታይ አፏን ከፍታ ልጆቿን መልሳ እንደምታስገባ አነበቡ። ወንዶቹ ይህን በከፊል ያውቁታል። ሴቶቹ ግን ቢላቸውን አስቀመጡ። የሌዳሞ ሚስት ማርታ እየገፈፈች የነበረችውን ዓሣ አነሣችና የዓሣዋን አፍ በአውራ ጣቷ ከፈተች። ባዶ ነበር። «ስንቷን አርጄ ይሆን ሳላይ» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ «እኔ ከእንግዲህ በዚህ ወራት አልሸጥም። ብታመጣም አልሸጥም» አለችው።

ንባቡ አሥረኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ጋሽ ወርቅነህ የአሥራ አንደኛውን ሦስት ቅጠል አንድ ላይ ይዘው ገለጡና መዝጊያውን አነበቡ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት አጥማጆች ክረምቱን ላለማጥመድ ማሉ። ያሰባሰባቸው ሌዳሞ ነው። ያስማሏቸው ሽማግሌ «ሐላሌ» አሉ፤ በሲዳምኛ እውነት ማለት ነው፤ እኛ በየደቂቃው እውነቴን ነው ከምንለው ግን በጣም ይከብዳል። በሐላሌ የተባለ አይታጠፍም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባለው እነሱ ዘንድ ተረት አይደለም። የቀበሌው ሰውም ደስ አለው፤ በአርአያነት የሚጠቀስ ሥራ ብሎ ወደ በላይ ሪፖርት ጻፈ።

ሐምሌ እንደምንም አለፈ። ከማዶ የመጡ ሌሎች ሰዎች በጠባብ መረብ ሐይቁን ሲያፍሱት አሥራ ሁለቱ ዳር ቁጭ ብለው ያያሉ። ከመካከላቸው ቱላና ዙሪያዋ እንሰት ያላቸው ነበሩ፤ ቆጮ አያጡም። ሌዳሞ ምንም አልነበረውም። ቀን ሥራ ፈልጎ ሲዞር ይውላል፤ ክረምት ስለሆነ ግንባታውም ቆሟል። ማርታ ሆቴል ቤት ልብስ ልታጥብ ጠይቃ ሰው ሞልቷል ተባለች። ጋሽ ወርቅነህ ከቤታቸው በቆሎ በማዳበሪያ አስይዘው ሁለት ጊዜ ላኩላቸው። በሦስተኛው ሌዳሞ «አሥራ ሁለት ነን፤ ለእኔ ብቻ አይሆንም» ብሎ መለሰው።

ነሐሴ ላይ ቤተ መጻሕፍት መጣ። ይኼን ጊዜ እጁ ዓሣ አይሸትም፤ ግን እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ጉንጩ ገብቷል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። አንቱታው በአማርኛ አይሆንለትም ነበር። «መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማጥመድ ሲያቆሙ ምን በሉ?»

እኔ የካርዱን ሳጥን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን አወለቁ። መጽሐፉ ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል።

«አልጻፈውም» አሉ።

ሌዳሞ ራሱን ነቀነቀ። «ትልቁን ነገር ረስቷል» አለና ሄደ።

እኔም አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ካርዶቼን መደርደሬን ቀጠልኩ። ጋሽ ወርቅነህ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። «ቢያውቅስ ምን ያደርግለታል? የሚሰጠው የለ» አሉኝ ወደ ማታ። «የለም» አልኳቸው። እንዲህ እየተደጋገፍን ነው ያን ነሐሴ ያለፍነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሌዳሞ ጀልባ ተገልብጣ ተገኘች። ሰፊው ውኃ ላይ ቢወጣ አሥራ አንዱ ጓደኞቹ ያዩታል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ በደንገሉ በኩል ነው የገባው። እዚያ ጉማሬ ትወልዳለች። ማንም አጥማጅ በዚያ ወራት ወደዚያ አይጠጋም፤ ከእሱ የበለጠ ይህን የሚያውቅ ደግሞ አልነበረም። አስከሬኑ በሁለተኛው ቀን ወጣ። ጀልባዋ ላይ ተጠምጥሞ የተገኘው መረብ ቀዳዳው ሰፊው ነው፤ መሐላውን ሲያፈርስም ጫጩት የማይዘውን መረብ ነው የመረጠው።

ከሞቱ አሟሟቱ። ለቅሶው ላይ ሰው ለማርታ እያዘነላት ዞር ሲል «ሐላሌ ነው የበላው» ይል ነበር። ካስማሉት ሽማግሌ ጀምሮ ብዙዎቹ አፈር እስኪለብስ አልቆዩም። ልጆቹ መንገድ ላይ የመሐላ አፍራሽ ልጆች ይባሉ ጀመር። ጋሽ ወርቅነህ ቀብሩ ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመው ነበር። አንድ ሰው «መምህር፣ እርስዎ እንኳ አስተምረውት ነበር» አላቸው። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ንባብ ቀረ።

መስከረም ሲጠባ ማርታ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። እንደ ባሏ በር ላይ አልቆመችም፤ ቀጥ ብላ ገብታ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ሌዳሞ አንድ ነገር ጠይቆዎት ነበር። አልጻፈውም አሉኝ ብሎ ነገረኝ።»

«ጠይቆኛል።»

«እስቲ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ለእኔ ብቻ።»

ጋሽ ወርቅነህ ተነሥተው መጽሐፉን አወረዱ። ሊሏት ይችሉ ነበር፤ ዛሬ አይመቸኝም፣ ሌላ ሰው ወስዶታል፣ ምንም። አላሉም። አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ ገልጠው ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው በአማርኛ አነበቡላት። ክፍል ውስጥ ያስተምሩበት በነበረው ድምፅ፣ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይዘሉ። እህል ስለተሰፈረላቸው አነበቡ። ተደብቀው ስለወጡት አነበቡ። እዚያ ላይም መጽሐፉን አልዘጉም፤ ወደ መስኮቱም አላዩም።

ሲጨርሱ ማርታ «ይኼ ያኔም እዚህ ውስጥ ነበረ?» አለች።

«ነበረ።»

«እሱ ሲጠይቅዎትም?»

«ነበረ። ፈርቼ ነው ማርታ። ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ብናውቀው ኖሮ እህሉን ይሰጡን ነበር?»

«አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም» አለች። «ግን አንምልም ነበር።»

ማርታ ጣቷን ገጹ ላይ አደረገች። «ይቺን ይቅደዱና ይስጡኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው፤ አንድ ቀን ያነቡታል። አባታችሁ ሆዱ በልጦበት መሐላ አፈረሰ ይሏቸዋል። ለምን እንደወጣ እዚህ ተጽፏል።»

ጋሽ ወርቅነህ የገጽ ጫፍ ያጠፈ ተማሪ ከአዳራሽ የሚያስወጡ ሰው ነበሩ። ሦስቱን ቅጠሎች በማስመሪያ ይዘው ቀስ ብለው ቀደዱ። እሷ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ደህና ሁኑ ሳትል ወጣች።

የተጎዳ መጽሐፍ የሚመዘገብበት ደብተር በእኔ እጅ ነበር፤ ምን እንደጎደለና ማን እንዳጎደለው ይጻፍበታል። አወጣሁት። የመጽሐፉን ስም ጻፍኩ፣ ገጾቹን ጻፍኩ፤ ከዚያ ብዕሬ ቆመ።

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

«እንደሆነው ጻፊ» አሉ። «ማን እንዳጎደለው ጻፊ።»

ወርቅነህ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ለአንድ ሌላ ሰው ስም የሚበቃ ክፍት መስመር ነበረ። እሳቸው መስመሩን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ። ደብተሩን ዘጋሁት።